ለእናቲቱ ያልተደመሩ ዓመታት

ልጄ የሒሳብ መምህርት ነበረች። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የራሷም ልጅ ትማር ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው ከቤት ይወጣሉ። ቤታችን ከሐይቅ ዳር ብዙም አይርቅም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከመሃል ከተማ ወዲያ ነው። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ በዝምታ መሄድ አትወድም ነበር፤ ያየችውን ሁሉ ጥያቄ ታደርገዋለች። እኔም ኪዳን አድርሼ ስመለስ አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ አገኛቸውና ጥቂት እሸኛቸው ስለነበር ጨዋታቸውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው ይዞ ተነሣ» ትላለች ልጄ። «መንገድ ላይ የተወሰኑ ሰዎች ወረዱ፤ ሁለት ደግሞ ተሳፈሩ። መናኸሪያ ሲደርስ አራት ሰው ነበረበት። ስንት ሰው ነው የወረደው?»

«አራት ሰውማ አይጭንም እማዬ፤ ትራፊክ ይይዘዋል።»

«ትራፊኩን ተዪው፤ በጥያቄው ውስጥ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? መናኸሪያው በር ላይ እኮ ነው የሚቆመው!»

«ፈተና ላይ እንዲህ ተከራከሪና ዜሮሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። የማይታወቀው ምንድን ነው? መጀመሪያ ስም ስጪው።»

«የወረደው ሰው... ኤክስ።»

«ቀጥይ።»

«ሦስት ሲቀነስ ኤክስ፣ ሲደመር ሁለት፣ እኩል ይሆናል አራት። አንድ ሰው ነው የወረደው። እሱም ትራፊኩን አይቶ ነው የወረደው።»

ልጄ ከት ብላ ሳቀች፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ።

በወሬ የተነገረውን ነገር ወደ ቁጥርና ወደ ፊደል መመለስ፣ ያልታወቀውን ስም ሰጥቶ በቦታው ማስቀመጥ፣ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ፤ ኢኩዌሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጄ ተማሪዎቿ ከሁሉ የሚፈሩት ይህን እንደ ሆነ ትነግረኝ ነበር። «ቁጥሩን ብቻ ብሰጣቸው ይሠሩታል አባባ፤ የቃል ጥያቄ አድርጌ በታሪክ ስነግራቸው ግን ይጠፋቸዋል» ትለኛለች። የእርሷ ልጅ ግን ከታሪኩ ነበር የምትጀምረው። ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን ለእኔ ስትል ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልኛለች፤ ታሪኩ ካልጣማትም ታሻሽለዋለች።

ይህ የሒሳብ ፍቅር ከየት እንደ መጣ ሲጠይቋት ልጄ ወደ እኔ ትጠቁም ነበር። እኔ በደብሩ ግቢ ለዘመናት መጽሐፍና ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የምናወጣበት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነው። በዚያ ትምህርት እኛም የማይታወቀውን በስሙ እየጠራን እንፈልገዋለን፤ አንዱን አበቅቴ፣ አንዱን መጥቅዕ እንለዋለን፤ ሁለቱ ተደምረው ዘወትር ሠላሳ ስለሚሆኑ አንዱ ከተገኘ ሌላው አይጠፋም። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ደብተሯን እንደ ታቀፈች ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ በተማሪዎቼ መካከል ቆመችና «አባባ! የእናንተ አበቅቴ እኮ ኤክስ ነው፤ መጥቅዕ ደግሞ ዋይ! ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል ሠላሳ!» አለች። ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የዚች ልጅ መንገድ ወዴት እንደ ሆነ ታወቀኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ለሚሞት ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደገማል። ለማን እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። በዚያች ሆሳዕና ልጄ ዘንባባ በጣቷ አስራ በሴቶች በኩል ቆማ ነበር። ማክሰኞ ራሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ተመለሰች፤ ሐሙስ አረፈች። እሑድ ቆማ የሰማችው ጸሎት የራሷ ኖሯል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ባለቤቴ አስቀድማ አርፋለች። የልጅቱ አባት ሌላ ትዳር መሥርቶ በሩቅ አገር ይኖራል፤ እናቷንም ሆነ እርሷን ከተለየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ በዚያ ቤት እኔና የዐሥራ ሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቀረን። ክረምቱን በምን እንዳሳለፍነው አላውቅም። እርሷ ታበስላለች፣ እኔ ዳዊት እደግማለሁ፤ እርስ በርሳችን ላለመተያየት ዐይናችንን እናሸሻለን። አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት ሲጀመር ስምንተኛ ክፍል ገባች።

ከመስቀል በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በልጄ እግር የተተካችው የሒሳብ መምህርት ወደ ቤታችን መጣች። የልጄ የልብ ወዳጅ ነበረች። የሲዳማ ተወላጅ ናት፤ በእምነትም ፕሮቴስታንት ናት፤ በቤታችን ግን እንግዳ ሆና አታውቅም።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ አረፍ በዪ።»

«ለክስ ነው የመጣሁት። ተከሳሿ አለች?»

«ጎረቤት ሄዳለች።»

«ጥሩ፤ እንግዲያው በሌለችበት እንፍረድባት» አለችና ለመሳቅ ሞከረች። ከቦርሳዋ አንድ የፈተና ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ጥያቄውን በአማርኛ ልንገርዎት። አንዲት እናት ዐርባ ዓመቷ ነው፤ ልጇ ዐሥር። ከስንት ዓመት በኋላ ነው የእናትየዋ ዕድሜ የልጅቷን እጥፍ የሚሆነው? ሁለቱም እኩል ነው የሚያድጉት አይደል? አንዷ አንድ ዓመት ስትጨምር ሌላዋም አንድ ዓመት ትጨምራለች። ስለዚህ የማይታወቀው ዓመት ለሁለቱም ይደመራል። መልሱ ሃያ ነው። ያን ጊዜ እናትየዋ ስድሳ፣ ልጅቷ ሠላሳ።»

«መልካም።»

«እሷ ግን ይኸውልዎት፤ ለልጅቷ ብቻ ነው የደመረችው። እናትየዋን ዐርባ ላይ አቁማታለች። መልሷ ዐሥር ነው።»

«ሳታስተውል ቀርታ ይሆናላ።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ሌላ ሰጠኋት። አባትና ልጅ ሰጠኋት፤ ሠራችው። አያትና የልጅ ልጅ ሰጠኋት፤ ሠራችው። ታላቅና ታናሽ፣ ሠራችው። እናት ስትሆን ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። በሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ላይ በቀይ ብዕር ምልክት አለ፤ በዚያ ላይ ምንም የለም።

«ይህንስ ለምን ሳታርሚው ቀረሽ?»

«ስህተት ነው ብዬ ልጽፍበት ብዕሬን አነሣሁ አባባ። አልቻልኩም» አለች። ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና አጣጠፈችው። «አንድ ጥያቄ ብቻ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ ነበር። አሁን ግን እናት የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ባዶ እየተወች ነው። እናት ገበያ ሄደች ሲል ትዘላለች። እናት ለልጆቿ ብርቱካን አካፈለች ሲልም ትዘላለች። የቃል ጥያቄ ደግሞ ያለ እናትና ያለ ብርቱካን የለም! ሚኒስትሪው ሰኔ ላይ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከሁሉ በፊት የሚያየው የሒሳብ ውጤት ነው። እናቷ እዚያ እንድትገባላት ምን ያህል ትመኝ እንደ ነበር...»

«አውቃለሁ» አልኋት።

ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ከከተማው ርቆ የሚገኝ፣ ጎበዝ ጎበዙን ብቻ የሚቀበል ነው። ልጄ ልጇ ገና ማንበብ ስትጀምር ነበር ስሙን ማንሣት የጀመረችው። ከሞተች በኋላ ከምኞቷ ሁሉ በእጃችን የቀረው ይህ አንዱ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ በረንዳው ላይ አስቀመጥኋትና በቀጥታ ጠየቅኋት።

«ለእናቲቱ ለምን አልደመርሽላትም?»

መምህርቷ መጥታ እንደ ነበር ወዲያው ገባት። ለጥቂት ጊዜ የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታና ስታስር ቆየች።

«ዐርባ ዓመቷ ነው ይላል እንጂ ወደ ፊት ትኖራለች አይልም።»

«አይልም፤ ግን የታወቀ ነው።»

«እማዬም የታወቀ ነበር።»

ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እርሷው ቀጠለች።

«ሠርቼዋለሁ አባባ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እኩያዋ እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ እበልጣታለሁ። አርጅቼ፣ ፊቴ ተጨማድዶ፣ እሷ ሠላሳ ስምንት ናት። እንዴት ነው ሰው እናቱን የሚበልጠው?»

እኔ ሰው ሲያዝን ከመጽሐፍ ውጭ የማጽናናበት ነገር የለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርሁትና ያስተማርሁትም እርሱን ነው። ስለዚህ ከአባቶቻችን እንደ ተቀበልነው ነገርኋት። ሞት የዕድሜ ማብቂያ እንዳልሆነ፤ በትንሣኤ ሽማግሌው በሽምግልናው፣ ሕፃኑም በሕፃንነቱ እንደማይነሣ፤ ወንዱ ሁሉ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ሴቷም ሁሉ የዐሥራ አምስት ዓመት ወጣት ሆነው እንደሚነሡ ነገርኋት። «በዚያ ቀን አንቺ እናትሽን አትበልጫትም፤ እርሷም አትበልጥሽም» አልኋት። የልቧን ጥያቄ የመለስሁላት መስሎኝ ነበር።

ግንባሯ ላይ ቁጥር ስትሠራ የምትቋጥረው መስመር ወጣ።

«እማዬ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ እኔ አልተወለድኩም ነበር» አለች።

«አዎን።»

«ታዲያ በምን ታውቀኛለች?»

«ታውቅሻለች ልጄ። ነፍስ የምታውቀውን አትረሳም።»

«እኩያዬ ከሆነች እማዬ ነው የምላት፣ በስሟ ነው የምጠራት?»

ከተማሪዎቼ መካከል ይህን ትርጓሜ የተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ዛሬ ራሳቸው መምህራን የሆኑ አሉ። ይህን የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። ትምህርቱን ዛሬም አምነዋለሁ፤ ያን ቀንም አምኜው ነው የተናገርሁት። ነገር ግን ያን ጊዜ ልጅቱ ከእናቷ የቀረላትን አንድ ነገር፣ እናትነቷን፣ እኔው ከእጇ የነጠቅሁባት ያህል ተሰማኝ። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሒሳብ መጽሐፏ ወንበሩ ላይ እንደ ተገለጠ ቀረ፤ ነፋሱም ገጹን ያገላብጠው ጀመር።

ከዚያ በኋላ የቃል ጥያቄ መሥራት ፈጽማ ተወች። ባጃጁም፣ የሐይቁ ዳር ወፍ አባ ኮዳውም፣ ዓሣ አጥማጁም አብረው ቀሩ። መምህርቷ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልታግዛት ደጋግማ መጣች።

«ስድስት አባ ኮዳ ዛፍ ላይ አለ፤ ግማሹ በረረ...»

«አልሠራም ቲቸር።»

«ይሄ እናት የለውም እኮ!»

«የአባ ኮዳም እናት አለው።»

መምህርቷ ወደ በረንዳው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ትንሣኤው የነገርኋትን ልጅቱ ነግራት ኖሮ «እኛም እንደምንገናኝ እናምናለን አባባ» አለችኝ በዝግታ። «ስንት ዓመት ሆነን እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም። አሁን ሌት ተቀን የማስበው እሱን ሆነ። አስለከፈችኝ እኮ!» ሁለታችንም ፈገግ አልን። ከዚያም እርሷ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ።

ልጅቱ የጠየቀችኝ ነገር ከጸሎቴ ጋር አብሮኝ ይቆም ጀመር። በምን ታውቀኛለች? ማኅሌት ቆሜ ከመቋሚያዬ ጋር አስበዋለሁ፤ ወንበር ዘርግቼ ሳስተምርም ቃሉ ይቋረጥብኛል። በአንዱ ቀን ግን ቅኔ ሊነግረኝ የመጣ ተማሪ ፊቴ ተቀምጦ ሳለ፣ ልጄን በዐሥራ አምስት ዓመቷ የማውቃት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ የለችም። የዚያ ዘመን ጓደኞቿ ተበትነዋል። ያቺ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዛሬ ተነሥታ በራችን ብትገባ፣ ይህች ናት ብሎ ለልጇ የሚያሳይ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ሐይቅ ዳር ወሰድኋት። ጀልባዎቹ ከታሰሩበት ፈንጠር ብለን ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«እርሷ እንዴት እንደምታውቅሽ እኔ አላውቅም» አልኋት። «አንቺ ግን እንድታውቂያት ላደርግ እችላለሁ።»

ጆሮዋን ሰጠችኝ።

«በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከአንቺ ትንሽ ትቀጥን ነበር። ስትሄድ ፈጥና ነው፤ ማንም ሳይከተላት እየተከተሉኝ ነው የምትል ትመስላለች። ቀልድ መጨረስ አትችልም፤ ከመጨረሷ በፊት ራሷ ትስቃለች። አገጯ ሥር ጠባሳ ነበራት፤ የሰው ብስክሌት ወስዳ ወድቃ ነው። ደግሞም እዚህ ውኃ ውስጥ ተደብቃ ትዋኝ ነበር።»

«ትዋኝ ነበር?» ብላ ዘወር አለች። «እማዬ? እኔን እኮ ውኃው ዳር እንኳ አታስቀርበኝም!»

«ከልክያት ነበር። አንድ ቀን ሹሩባዋ ውኃ እያንጠባጠበ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ዝናብ መታኝ አለችኝ።»

«እሺ?»

«ጥር ነበር።»

ልጅቱ ሳቀች። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያም ሳቁ በመካከል ተሰበረና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ነጠላዬን አለበስኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲሰበስቡ አይተው አንገታቸውን ደፍተው አለፉን።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ እንሄዳለን። ጥያቄዋ አያልቅም። ምን ትወድ ነበር? ማንን ትፈራ ነበር? እርስዎን ትታዘዝ ነበር? አንዳንዱን የረሳሁትን ስትጠይቀኝ ኀፍረት ይይዘኛል፤ አባት ሆኜ ከልጄ ዘመን ያስቀረሁት ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አየሁ። በአንዱ ሰንበት ስንመለስ፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ ቆም ብላ «አባባ፣ ሦስት ሰው ይዞ ከተነሣ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔም አልገፋሁባትም። በሳምንቱ ግን መጽሐፉን ገልጣ አገኘኋት። ገበያውንና ብርቱካኑን መሥራት ጀመረች። የዕድሜውን ጥያቄ ግን አልነካችውም። መምህርቷም አይታ እንዳላየች አለፈችው።

በዓመቱ ሆሳዕና አብረን ቤተ ክርስቲያን ቆምን። ፍትሐቱ ሊደገም ሲል ልጅቱ ከሴቶቹ በኩል ተሹለክልካ መጥታ የነጠላዬን ጫፍ ሳበች።

«እንውጣ አባባ።»

«ጸሎት ላይ ነን ልጄ።»

«ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ይውጡ።»

ካህናቱ እያዩኝ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ ወጣሁ። በዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። በግቢው ካለው ዛፍ ሥር ቆመን ድምፁ ከውስጥ ሲመጣ እንሰማለን፤ እርሷ ግን በሁለት እጇ ጆሮዬን ልትደፍን ትንጠራራለች። ቁመቷ ደርሶላታል።

ሰኔ ሲደርስ ፈተናው መጣ። በሒሳቡ ቀን ከወላጆች ጋር በትምህርት ቤቱ በር ቆሜ ጠበቅሁ። ከእኔ በቀር የቆሙት አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ። ልጆቹ እየተንጫጩ ሲወጡ እርሷ ከሁሉ ኋላ ብቻዋን መጣች። እጄን ሳመችኝና ባጃጅ ይዘን ተሳፈርን።

«መጣ» አለችኝ፣ ባጃጁ ወደ ዋናው አስፋልት ከወጣ በኋላ።

«ምኑ?»

«የእናትና የልጅ ጥያቄ።»

ምን እንዳደረገች ለመጠየቅ አልደፈርሁም። እርሷ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

«ለሁለቱም ደመርኩ።»

«እንግዲያውማ ትክክል ሠርተሻል።»

«ትክክል ነው» አለች። «ግን ስደምርላት አረጀችብኝ አባባ። ዐርባ ሆነች፣ ሃምሳ ሆነች፣ ፀጉሯ ሲሸብት አየሁት። መነጽር አደረገች። መልሱን ካጠቆርኩ በኋላ ላጲስ አንሥቼ ላጠፋው ነበር።»

«አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም። እማዬ ትቆጣኛለቻ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። ልጅቱ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ እኔም ያቺን ሽበታም መነጽራም ሴት ለማየት ዐይኔን ጨፈንሁ። ልትታየኝ አልቻለችም። ስትወለድ ያቀፍኋት፣ በዐሥራ አምስት ዓመቷ የተቆጣኋት፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የቀበርኋት ታየችኝ እንጂ ያቺኛዋን ያየቻት ልጇ ብቻ ናት።

ውጤቱ በክረምት መጣ፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱም ተቀበላት። መምህርቷ ዜናውን ይዛ እልል እያለች ከበር ገባች፤ ጎረቤቶቻችንም ተከትለዋት ገብተው ቤቱን በእልልታ ሞሉት። ልጄ ብትኖር ያን ቀን ምን ትሆን እንደ ነበር ሁሉም ያስቡ ነበር፤ የተናገረ ግን የለም። መስከረም ሲጠባ ልጅቱን ከመናኸሪያ ሸኘኋት። ዕቃዋን ያሰርሁላት እኔ ነኝ፤ አሳሰሬ ላልቶ ኖሮ መምህርቷ ፈትታ እንደ ገና አሰረችው።

አሁን ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ጠዋት ይመጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስሆን ልጅቱ ያስለመደችኝ ቁጥር ይመጣብኛል። ልጄ ስትወለድ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ በመካከላችን የነበረው ይኸው ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እርሷ ከቆመች ወዲህ ግን ይጨምራል። ልጅቱ በየዓመቱ ወደ እናቷ ዕድሜ ትጠጋለች፤ አንድ ቀንም ትደርስባታለች። እኔ በየዓመቱ ከልጄ እርቃለሁ።

ሰዎች ደጄ መጥተው ሲሄዱ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ብለው ይመርቁኛል። ቀድሞ ይህ ምርቃት ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ዕድሜ የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ይሸሻል፤ ይሁን እንጂ ልጅቱ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችምና፣ እናቷንም በዐሥራ አምስት ዓመቷ የሚነግራት ሌላ ሰው የላትምና፣ አሜን እላለሁ።